የሚስተር ዲክላን ሲዲና የጋርላንድ ለቀስተኞች

ሰው ስጦታ ሰጥቷችሁ ሳምንት ቆይቶ «እንዴት አገኘኸው?» ቢላችሁ ምን ትላላችሁ? እኔ ሳልከፍተውም «ግሩም ነው» እላለሁ። ክፋት ኖሮብኝ አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። እናቴ ደሴ ላይ ያሳደገችኝ እንደዚህ ነው። ሰው ቤት ተጋብዘን ወጡ ጨው ቢበዛበት «እጅሽ ይባረክ» ብለን፣ ተጨምሮልን በልተን፣ ውሃውን ቤታችን ሄደን ነበር የምንጠጣው። ደሴ ላይ ይህ ጠባይ ጨዋ ያሰኛል። ቴክሳስ ላይ ምን እንዳደረገኝ ልንገራችሁ።

ሥራዬ ሹፍርና ነው። በሽተኛ ነው የማመላልሰው። ሚስተር ዲክላን ከደንበኞቼ አንዱ ናቸው፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ዋይሊ ካለው ቤታቸው አንስቼ ጋርላንድ ኩላሊት እጥበት አደርሳቸዋለሁ፣ ሲጨርሱ እመልሳቸዋለሁ። አየርላንድ ተወልደው እዚህ ያረጁ፣ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው ናቸው። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም እንጂ እኔ በልቤ አንቱ ነው የምላቸው፤ ለእናንተም የማወራላችሁ እንደዚያው ነው።

ሚስታቸው ብሪጂድ አምና አረፉ። ቀብሩ ላይ ነበርኩ፤ ያደረስኳቸውም የመለስኳቸውም እኔ ነኝ። እኔን ጨምሮ ዘጠኝ ሰው ነበርን። አርባ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ከዚያ ሁሉም በየመኪናው ገባ። በነጋታው እጥበት ስለነበረባቸው መጥቼ በር ላይ «ጉድ ሞርኒንግ» አልኳቸው፣ ቀበቶአቸውን አሰርኩላቸው፣ ነዳሁ። ለቅሶ አልደረስኩም። ፈረንጅ ለቅሶ አይደረስም ያለኝ ማን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም፤ ማንም አላለኝም መሰለኝ።

እኚህ ሰው ሙዚቀኛ ናቸው። የሚጫወቱት የአየርላንዶችን የከረጢት ዋሽንት ነው። ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ቆመው በአፋቸው የሚነፉትን እንዳይመስላችሁ፤ እሱ የስኮትላንዶች ነው ብለው ሦስት ጊዜ አርመውኛል። የእሳቸው ተቀምጠው የሚጫወቱት ነው። በአንዱ ብብት ስር የቀጥቃጭ ወናፍ የመሰለ ነገር ይገባል፣ በሌላው ብብት ስር ከረጢት። በክርናቸው ወናፉን ሲጫኑት ነፋሱ ወደ ከረጢቱ ያልፋል፣ ከረጢቱን ጨመቅ ሲያደርጉት ጣታቸው ያለበት ዋሽንት ይናገራል። ጭናቸው ላይ የተጋደሙት ቧንቧዎች ደግሞ ሥር ሥሩን አንድ ድምፅ ይዘው አይለቁም። ይህን ያወቅሁት እሳቸው መኪና ውስጥ ባዶ እጃቸውን ክርናቸውን እያወዛወዙ ሲያሳዩኝ ነው። መሣሪያውን በዓይኔ አላየሁትም ነበር።

ብሪጂድ በሞቱ በዓመታቸው ሚስተር ዲክላን አንድ ሲዲ ሰጡኝ። ብቻቸውን የተጫወቱት ነው። ዘፋኝ የለ፣ ከበሮ የለ፣ አስራ አራት ዜማ። ቤታቸው ውስጥ ራሳቸው ቀርጸው ራሳቸው ነው ያሳተሙት፤ ጋራዣቸው በካርቶን ተሞልቷል። «ስማው» አሉኝ። «ኦኬ» አልኩ። ሲዲውን ወንበሮቹ መሃል ካለው ኪስ ውስጥ ከተትኩትና ረሳሁት።

በሳምንቱ ጠየቁኝ።

«ሰማኸው?»

«ሰማሁት።»

«እንዴት ነው?»

«ግሩም ነው።»

ካፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። እኔ ጉዳዩ እዚያው ያበቃ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆኑ። ለነርሶቹ «ሾፌሬ ይወደዋል» ማለት ጀመሩ። ነርሶቹ ደግሞ በመጣሁ ቁጥር «የሙዚቃው ሰው መጣ» ይሉኛል። እኔም አንገቴን ደፍቼ ፈገግ እላለሁ። አምስት ሳምንት ሙሉ ላልሰማሁት ሙዚቃ ተመሰገንኩ። በስድስተኛው፣ አንድ ረቡዕ ቀን፣ «የትኛውን ነው የወደድከው?» አሉኝ።

«ሁሉንም» አልኩ።

«ሁሉንም የሚወድ ሰው የለም። እኔ ራሴ አምስቱን አልወዳቸውም» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ዓርብ ዕለት ስመልሳቸው በራቸው ላይ ደርሰን ከመኪናው አልወርድም አሉ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦ «ሲዲውን ከቀረጽኩ ወዲህ መሣሪያውን አልነካሁትም። ለልጆቼ ላክሁ፣ ለወንድሜ ላክሁ፤ ሁሉም ግሩም ነው አሉኝ። አንዳቸውም አልሰሙትም፤ ይታወቀኛል። መሣሪያው ካልተነካ ቆዳው ይደርቃል። ሶ፣ ነገ በአራት ሰዓት ከፎርት ወርዝ አንድ ሰው መጥቶ ይወስደዋል፤ የሚጫወት ሰው ነው። ግን አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ ከልቡ ሰምቶት ከሆነ አልሰጥም። የትኛው እንደሆነ ንገረኝ።»

አራት ሰዓት ያሉት በእነሱ ነው፤ በእኛ ከቀኑ አስር። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ደሴ አፌን ያዘችው። «ነገ ጠዋት ኮል አደርግልዎታለሁ» አልኩ።

አሁን ሲዲ ማጫወቻ ፍለጋ ልወጣ ነው። መኪናዬ የለውም፤ አዲስ መኪና ሲዲ አይበላም። ላፕቶፓችን የለውም። ባለቤቴን ሰብለን ጠየቅኳት፤ «ሲዲ? አሁንም አለ እንዴ?» አለች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ጋርላንድ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ገብቼ ከአሮጌ ብረት ምጣዶች ኋላ አንድ ግዙፍ ቴፕ አገኘሁ። ሲዲ ይጎርሳል። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት፤ የድምፅ ማስተካከያው ጫፍ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ይህን ያወቅሁት ቤት ገብቼ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሰብለ አስቤዛ ልትገዛ ወጣች። ቴፑን ሳሎን ላይ አስቀምጬ፣ ትራስ ደግፌበት፣ ብርድ ልብስ ደርቤበት ከፈትኩት። ጎረቤት ምን ይላል የሚለው ሐሳብ የመጣልኝ አፓርትመንቱ ከተንቀጠቀጠ በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልወደድኳቸውም። ፍየል ገበያ አልሄድም ስትል የምታወጣው ድምፅ ነው። ሦስተኛው ያስጨፍራል። ከዚያ እየለመድኩት መጣሁ። ሰባተኛው ላይ ወናፉ ትንፋሽ ሲስብ ይሰማል፣ ቀጥሎ ቀጭን የሽቦ ኳኳታ የመሰለ ነገር፣ ከዚያ ዜማው በጣም በዝግታ ይጀምራል። ቃል የለውም። ግን ሰው አንድ ነገር ብቻ ደጋግሞ እየጠየቀ፣ መልስ እየጠበቀ፣ እንደገና እየጠየቀ ያለ ይመስላል። በመቃብሩ ዳር የቆምነው ዘጠኝ ሰዎች ትዝ አሉኝ። በነጋታው «ጉድ ሞርኒንግ» ያልኩትም ትዝ አለኝ። አፈርኩ፤ ከዚያ አለቀስኩ። ሲያልቅ መልሼ ከፈትኩት። ደግሜም መልሼ ከፈትኩት።

በሩ ተንኳኳ። እትዬ አስካለ ናቸው፤ ከእኛ ስር ያለው አፓርትመንት የሚኖሩ፣ እናቴ ደሴ ላይ መታመሟን ሰምተው በየእሑዱ «እንዴት አደሩ?» እያሉ የሚጠይቁኝ ሴት። ሙዚቃውን ቀንስ ሊሉኝ መስሎኝ ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ። ፊቴን አዩ። ወደ ውስጥ ጆሮአቸውን አዘነበሉ። ምንም አልጠየቁኝም፤ አቅፈው «አይዞህ የኔ ልጅ» አሉኝና በፍጥነት ወረዱ። ጩኸቴን ስለቻሉልኝ በልቤ አመሰገንኳቸው።

አገር ቤት ሬዲዮ መደበኛ ዝግጅቱን አቋርጦ ዋሽንት ብቻ ካሰማ ትልቅ ሰው ሞቷል ማለት መሆኑን የእሳቸው ዕድሜ ሰው አይረሳም። የእናት ሕመም አለ፣ ዋሽንት አለ፣ የቀላ ዓይን አለ። እትዬ አስካለ በእድሩ ግሩፕ ላይ ጻፉ።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ መኮንን ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ጥቁር ከረቫት አስረው ቆመዋል። ከኋላቸው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ደረጃው ላይ ተደርድረዋል። ከእነሱ ኋላ የእድሩ ተጣጣፊ ወንበር በሸክም ይመጣል። ጋርላንድም ጎረቤቱ ሌክ ሃይላንድስም ተነቅሎ የመጣ ነው የሚመስለው።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? የእድር ሊቀመንበር ቅዳሜ ጠዋት ጥቁር ለብሶ በርህ ላይ ከቆመ የመጣው መርዶ ሊያረዳህ ነው። ሌላ ትርጉም የለውም። «እናቴን!» ብዬ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እነሱም ከአፌ ሲሰሙ እርግጠኛ ሆኑና አብረውኝ አለቀሱ።

እነሱ እኔ የማውቀው መስሏቸዋል። እኔ እነሱ የሚያውቁት መስሎኛል። ማን ነገረህ፣ መቼ፣ በምን ብሎ ሐዘንተኛን መጠየቅ ነውር ስለሆነ ማንም ምንም አልጠየቀም። ቴፑ ብርድ ልብሱን እንደለበሰ በሙሉ ኃይሉ ይጫወታል፤ የሚያጠፋው የለም። እንዲያውም ሴቶቹ ዜማው ረገብ ሲል ረገብ፣ ከፍ ሲል ከፍ እያደረጉ ያለቅሱበት ጀመር። ጋሽ መኮንን ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብለው «ጥሩ ነገር ነው ያገኘኸው፤ የወሎ ነው?» አሉኝ።

ሰብለ የሽንኩርት ከረጢት ተሸክማ ደረሰች። በሩ ላይ የተከመረውን ጫማ አየች፤ ሽንኩርቱ ደረጃውን ተንከባሎ ወረደ። እናቴን ትወዳታለች። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ብዙ አለቀሰች። እንግዲህ ሰብለ የምትሠራው የሆስፒታል መዝገብ ክፍል ነው፤ ያልተረጋገጠ ነገር አትወድም። ዓይኗን ጠረገችና «ማን ነው የነገረህ?» አለችኝ።

«ጋሽ መኮንን።»

ወደ ጋሽ መኮንን ዞረች። «ጋሼ፣ እርስዎ ከማን ሰሙ?»

«አስካለ ናት ግሩፑ ላይ የጻፈችው።»

«እትዬ አስካለ፣ እርስዎስ?»

እትዬ አስካለ በነጠላቸው ጫፍ ወደ እኔ አመለከቱ። «እሱ ራሱ እያለቀሰ አገኘሁት።»

ሰብለ ስልኳን አውጥታ ደሴ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው እናቴ ናት። ጀርባዋን እያመማት መሆኑን፣ የተላከላት መድኃኒት መራራ መሆኑን፣ እኔ ከደወልኩ አስራ አንድ ቀን መሆኑን ተናገረችና «ምነው ዝም አላችሁ? ደኅና አይደላችሁም እንዴ?» አለች። ሠላሳ ስምንት ለቀስተኛ የሟችን ድምፅ በስፒከር ሰማ።

እኔ ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ስልኩን ተቀብዬ «እማዬ» ብዬ ሌላ ቃል አቃተኝ። ስዘጋው ግን ቤቱ ሁሉ ያየኝ ነበር፣ እና የሚያየኝ በደስታ አልነበረም። ሥራ ትቶ የመጣ አለ። ኤርፖርት የሚሠራው አንዱ ፈረቃውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ነው የመጣው። ማዕድ ቤቱ ውስጥ ሦስት ድስት ወጥና አንድ ጎድጓዳ ሳህን ንፍሮ ተደርድሯል።

«ታዲያ ይሄ የሚጮኸው ምንድን ነው?» አሉ ጋሽ መኮንን።

ነገርኳቸው። ስለ ሚስተር ዲክላን፣ ስለ ብሪጂድ፣ ስለ «ግሩም ነው»፣ በአስር ሰዓት ስለሚመጣው ሰው፣ ሁሉንም። ሲዋሹ ኖሮ አንድ ጊዜ እውነት ሲናገሩ ማቆም ያስቸግራል፤ የቀብሩን አርባ ደቂቃም ነገርኳቸው።

ጋሽ መኮንን ከረቫታቸውን አላሉ። «ቀብር ላይ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«ለቅሶ ደረስክ?»

«አልደረስኩም።»

«ማን ደረሰ?»

«ማንም።»

ሽማግሌው ወንበሮቹን አዩ፣ ድስቶቹን አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ። «የተነሳ ለቅሶ አይመለስም» አሉ። እንዲህ የሚል አንቀጽ የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ላይ የለም፤ እዚያው ያወጡት ነው። ግን ማንም አልተቃወመም። እትዬ አስካለ ንፍሮውን ተሸክመው ቀድመው ወረዱ።

አስራ ሦስት መኪና ሆነን ወደ ዋይሊ ተጓዝን። ጋሽ መኮንን እንዳንጠፋፋ ሁላችንም የአደጋ መብራት እንድናበራ አዝዘው ነበር። የቴክሳስ ሰው ደግሞ ለቀብር ሰልፍ መንገድ ዳር መቆም ልማዱ ነው። ትልልቅ ፒክአፖች እየተራ ዳር ያዙ። አንድ ገበሬ የመሰለ ሰውዬ ወርዶ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ያዘልን። ሰብለ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ምስጋና ሰጠችው። አስከሬን የለንም ብሎ ማስረዳት አይቻልም።

ሚስተር ዲክላን በሩን የከፈቱት ስልካቸውን በእጃቸው እንደያዙ ነው። ኮል አደርጋለሁ ካልኩ ጀምሮ ሲጠብቁ ነው የዋሉት። ከእኔ ኋላ የቆመውን ሰልፍ አይተው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ለብሪጂድ የመጡ ናቸው» አልኩ።

«ብሪጂድ እኮ ከሞተች ዓመት አለፋት።»

«አዎ። ዘግይተናል። የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ከበሩ ፈቀቅ አሉ። ጋሽ መኮንን ገብተው በሁለት እጃቸው ጨበጧቸውና «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አሉ። ሌላውም ቀጠለ። ሠላሳ ስምንት ሰው አንድ በአንድ። እኔ ለመተርጎም አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ ከአምስተኛው ሰው በኋላ «ገብቶኛል» ብለው አስቆሙኝ። ሰው ሁሉ የብሪጂድን ፎቶግራፍ ከእሳት ማንደጃው በላይ አይቶ ወንበር ዘርግቶ ተቀመጠና ዝም አለ።

ሚስተር ዲክላን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ምን ማድረግ አለብኝ?»

«ምንም። መቀመጥ ነው።»

«ማውራት የለብኝም?»

«ካልፈለጉ የለብዎትም።»

ተቀመጡ። ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «የትኛው ነው?» አሉኝ።

«እስከ ዛሬ ጠዋት አልሰማሁትም ነበር» አልኩ። «ዋሽቼዎታለሁ።»

«አውቃለሁ። የሲዲውን ፕላስቲክ አልቀደድከውም፤ መኪናህ ውስጥ በገባሁ ቁጥር አየው ነበር።»

ሰው እንዴት እያወቀ ለነርስ ይኩራራል? ለጥያቄያቸው መለስኩ፦ «ሰባተኛው ነው። ከመጀመሩ በፊት ወናፉ ይተነፍሳል፣ ከዚያ ሽቦ የመሰለ ነገር ኳ ኳ ይላል። እሱን ሦስት ጊዜ ሰማሁት።»

ጭንቅላታቸውን ወደ እኔ ያዞሩት ያኔ ነው። «የልብስ ማንጠልጠያ ነው» አሉ። «የተቀረጸው የእሷ ልብስ የሚሰቀልበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ገብቼ ነው። ልብስ ካለበት ድምፅ አያስተጋባም። ክርኔ በሰማያዊ ካፖርቷ እየተነካ ነው የተጫወትኩት።» ከዚያ እኚያ ረጅም ሰው እጃቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። እትዬ አስካለ ከወንበራቸው ተነስተው አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ አብረው አለቀሱ። በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ የጠየቀ የለም።

ልክ በአስር ሰዓት የፎርት ወርዙ ሰውዬ ደወሉን ደወለ። ገባ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ወንበር ተሰጠው፣ ንፍሮ ያለበት ሳህን ጭኑ ላይ ተቀመጠለት። ጨዋ ሰው ነው፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ዝም ብሎ ሽምብራ በላ። በመጨረሻ ቀስ ብሎ ስለ መሣሪያው ሲጠይቅ ሚስተር ዲክላን ወደ እኔ ዞሩ።

«ይሄ ነገር ስንት ቀን ነው?»

«ሦስት ቀን።»

«ሦስት ቀን ለቅሶ ላይ ነኝ» አሉት ሰውዬውን። «ዛሬ የሚወጣ ዕቃ የለም።»

ሰውዬው በአራተኛው ቀን ሲደውል አርባ አልወጣም ተባለ። አርባው የሚቆጠረው ከቀብሩ ሳይሆን ለቅሶ ከተደረሰበት ቀን ነው ብለው የወሰኑት ጋሽ መኮንን ናቸው። በአርባው ሁላችንም ዋይሊ ሄድን። ሚስተር ዲክላን ሳሎናቸው መሃል ተቀምጠው፣ ወናፉን አንዱ ብብታቸው ስር አስረው፣ ሰባተኛውን ተጫወቱ። ጣታቸው ሁለት ቦታ ሳተ። ይቅርታ ጠይቀው ከመጀመሪያው ጀመሩ። ማንም «ግሩም ነው» አላለም፤ እትዬ አስካለ ብቻ «ይድገሙት» በላቸው አሉኝ።

ሰኞ መኪና ውስጥ «ከአርባ በኋላስ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ሰማንያ አለ። ከዚያ ሙት ዓመት። የመጨረሻው ሰባት ዓመት ነው።»

«ሰባት ዓመት?»

«አዎ፣ ሰባት ዓመት።»

ክንዳቸው ላይ መርፌው የሚገባበትን ቦታ በሌላው እጃቸው እያሻሹ ብዙ አሰቡ። እጥበቱን መተው እንደሚያምራቸው አንድ ሁለቴ ነግረውኝ ነበር፤ እኔም እንደ ልማዴ «አይ፣ ደኅና ነዎት» እያልኩ አልፌው ነበር።

«ሶ፣ ሰባት ዓመት መቆየት አለብኝ» አሉ። ከዚያ ረቡዕ በስንት ሰዓት እንደማነሳቸው ጠየቁኝ።